ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ስለ ረግረግና ስለ ውሃ ብክለት ማስተማር፦ ከጣና ዳርቻ የተነሣ መመሪያ

በባሕር ዳር፣ በወረታ ወይም በጎርጎራ የሚማር የ7ኛ ክፍል ተማሪ ረግረግ ምን እንደሆነ ሲጠየቅ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር ይመልሳል፤ ትንኝ የሚራባበት ነው፣ ለእርሻም አይሆንም። ይኸው ተማሪ ግን በበዓል ቀን ቤቱ የሚጎዘጎዘው ቄጠማ ከየት እንደሚመጣ፣ በበጋ ከብት የት እንደሚሰማራ፣ ታንኳ ከምን እንደሚሠራ፣ ገበያ ላይ የሚሸጠው ቀረሶና አምባዛ ከየት እንደሚጠመድ አሳምሮ ያውቃል። የመምህሩ የመጀመሪያ ሥራ እነዚህን ተነጣጥለው የተቀመጡ ዕውቀቶች እርስ በርስ ማገናኘት ነው። «ረግረግ ለሥነ ምህዳር ጠቃሚ ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ከሰሌዳ ላይ ማስገልበጥ ቀላል ነው፤ ተማሪውም ለፈተና ይሸመድደዋል፣ ከፈተና በኋላም ይረሳዋል። ስለዚህ ይህ መመሪያ በአንድ ሐሳብ ላይ ይቆማል፤ ተማሪው በዓይኑ ያየው፣ የቆጠረው ወይም የለካው ነገር ሳይኖር ስለ ብክለት ፍርድ እንዲሰጥ አይጠየቅ።

መመሪያው የተዘጋጀው በመካከለኛ ደረጃ አጠቃላይ ሳይንስ ለሚያስተምሩ መምህራንና የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ለሚመሩ ባልደረቦች ነው። ቤተ ሙከራ የሌለው፣ በአንድ ክፍል ስድሳና ከዚያ በላይ ተማሪ የተቀመጠበት፣ በፈረቃ የሚያስተምር ትምህርት ቤት ሊሠራበት እንዲችል ታስቦ ተጽፏል። ምሳሌው በዋናነት የጣና ሐይቅና ዙሪያው ነው፤ ምክንያቱም ታንኳ የሚሠራበት ደንገል፣ ሩዙ፣ ከተማው፣ የእምቦጭ አረሙና ዓሣው በአንድ ቦታ ተገናኝተው የሚታዩበት ከዚህ የተሻለ ቦታ በአገራችን ማግኘት ያስቸግራል።

ጊዜና ቦታ መምረጥ

የሐይቁ ውሃ ከክረምቱ ዝናብ በኋላ፣ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ገደማ ከፍ ይላል፤ በግንቦትና በሰኔ መግቢያ ደግሞ ወደ ዝቅተኛው ደረጃ ይወርዳል። ስለዚህ የሚቻል ከሆነ ተማሪዎችን ሁለት ጊዜ መውሰድ ተገቢ ነው፤ አንድ ጊዜ በጥቅምት፣ ሌላ ጊዜ በግንቦት። በጥቅምት የረገጡት የውሃ ጠርዝ በግንቦት የት እንደደረሰ በእርምጃ ሲለኩ፣ ረግረግ የሚባለው ነገር ባለበት የቆመ ድንበር ሳይሆን ከወቅት ጋር የሚሰፋና የሚጠብ መሬት መሆኑን ያለ ማብራሪያ ይረዱታል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚቻል ከሆነ ኅዳር ይመረጣል፤ ጭቃው ጠጠር ይላል፣ ከአውሮፓና ከእስያ ክረምቱን ሸሽተው የሚመጡ ወፎችም ደርሰዋል።

ብዙ ትምህርት ቤቶች ጥር 25 አካባቢ የሚውለውን የዓለም ውሃ አዘል መሬቶች ቀን ያከብራሉ። ቀኑ የተመረጠው በ1971 እ.ኤ.አ. በኢራን ራምሳር ከተማ ስለ ውሃ አዘል መሬቶች ስምምነት የተፈረመበት ዕለት በመሆኑ ነው። በእኔ አመለካከት ዕለቱን በሰልፍና በመፈክር ከመጨረስ ይልቅ ተማሪዎች በጥቅምት የሰበሰቡትን መረጃ ለወላጆች የሚያቀርቡበት ቀን ማድረግ እጅግ ይሻላል።

ቦታው ትልቅ መሆን የለበትም። በእግር የሚደረስበት፣ ቢቻል ሦስት ነገር የሚታይበት ይሁን፤ ውሃ የሚገባበት ቦይ ወይም ጅረት፣ ዕፅዋት የሸፈነው ክፍል፣ ከዚያም ወጥቶ የሚታይ ውሃ። መምህሩ ከአንድ ቀን በፊት ሄዶ መንገዱን ማየት፣ ከቀበሌው ፈቃድ ማግኘት፣ ስለ አካባቢው ጸጥታ መጠየቅና የወላጆችን ፈቃድ በጽሑፍ መሰብሰብ ይጠበቅበታል።

ከሁሉ በፊት ደኅንነት

በጣና ዙሪያ ቢልሃርዝያ አለ። ጥገኛ ተሕዋሲው በውሃ ቀንድ አውጣ ውስጥ ተራብቶ ወደ ውሃው ይለቀቃል፤ በተለይ ፀሐይ በበረታችበት ሰዓት በብዛት ይወጣል፤ የሰውን ቆዳ በደቂቃዎች ውስጥ በስቶ ይገባል። ስለዚህ ተማሪ በባዶ እግሩ ውሃ ውስጥ አይገባም፣ እጁንም አይነክርም። ይህ ደንብ የሚደራደሩበት አይደለም፤ «ሁልጊዜ እንዋኛለን፣ ምንም አልሆንንም» የሚል ልጅ በየክፍሉ አለና መልሱ ከመሄድ በፊት መዘጋጀት አለበት። ውሃውን የሚቀዳው ቦቲ ጫማና የጎማ ጓንት ያደረገ መምህር ወይም አዋቂ ረዳት ነው፤ ረዥም እንጨት ላይ በታሰረ ጣሳ ቢቀዳ ጥሩ ነው። ወደ ክፍል የሚወሰድ ውሃ ቀንድ አውጣ እንዳይኖርበት ተጣርቶ ሁለት ቀን ያህል ሳይነካ ቢቆይ፣ ከቀንድ አውጣው የወጣው ተሕዋሲ በዚያ ጊዜ ውስጥ ይሞታል። ውሃው የነካው ተማሪ ቢኖር ቶሎ በፎጣ ይደረቅ፤ ወላጅም እንዲያውቅና ጤና ጣቢያ እንዲጠየቅ ይደረግ።

ጉማሬ በሚታይበት ዳርቻ ማለዳና አመሻሽ ላይ መገኘት ፈጽሞ አይገባም፤ ለዚህ ሥራ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ያለው ጊዜ በቂ ነው። የመጠጥ ውሃ፣ ሳሙናና ንጹሕ የእጅ መታጠቢያ ውሃ ይዞ መሄድ እንዳይረሳ።

ውሃው ከየት ይመጣል?

ወደ ሜዳ ከመውጣት በፊት ቢያንስ ሁለት ክፍለ ጊዜ በክፍል ውስጥ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የካርታ ሥራ ነው። ሰሌዳው መሐል ላይ ሐይቁ ይሣል፤ ከዚያም አራቱ ዋና ገባር ወንዞች፣ ማለትም ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ፣ በየአቅጣጫቸው ይጨመሩ። ወደ ሐይቁ ከሚገባው የወንዝ ውሃ አብዛኛውን የሚያመጡት እነዚህ አራቱ ናቸው። ክፍሉ በአራት ይከፈልና እያንዳንዱ ቡድን አንድ ወንዝ ይረከባል፤ ሥራውም ወንዙ ከሚነሣበት ጀምሮ እስከ ሐይቁ ድረስ የሚያገኘውን ነገር ሁሉ በቅደም ተከተል መዘርዘር ነው። የጉማራና የርብ ቡድኖች ከጉና ተራራ ተነሥተው በቁልቁለት እርሻዎች አልፈው የፎገራን ሜዳ ያቋርጣሉ። የመገጭ ቡድን ከጎንደር በኩል ይመጣል፤ የከተማዋን ፍሳሽ የሚቀበሉት ቀሃና አንገረብም በመጨረሻ መገጭ እንደሚገቡ ሲረዳ፣ ጎንደር ላይ የተጣለ ፌስታል ጣና ላይ የሚገኝበት ምክንያት ይገለጥለታል። የግልገል ዓባይ ቡድን ግሽ ዓባይን ስለሚያውቀው መነሻውን ለመግለጽ አይቸገርም።

ከዚያ መውጫው ይጠየቃል። አብዛኛው ልጅ ዓባይን ይጠራል፤ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ የሐይቁ ውሃ በዋሻ ወደ ጣና በለስ የኃይል ማመንጫ እንደሚሄድ፣ ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮም ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨራ ጨራ የተሠራው መቆጣጠሪያ የሐይቁን ከፍታ እንደሚወስን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ይህ ለረግረጉ ትምህርት የጎን ጉዳይ አይደለም፤ የሐይቁ ውሃ ከፍና ዝቅ የሚልበት መጠንና ጊዜ ሲለወጥ፣ ዳር ላይ የሚበቅለው ደንገልና እዚያ የሚራባው ዓሣም አብረው ይነካሉ።

ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ የጠርሙስ ሙከራ ነው። ሦስት ባለ ሁለት ሊትር የሃይላንድ ጠርሙሶች በጎናቸው ተጋድመው ከላይ በኩል በመስኮት መልክ ይቆረጡ። በመጀመሪያው ባዶ አፈር፣ በሁለተኛው አፈርና በላዩ ደረቅ ገለባ፣ በሦስተኛው ሣር ከነሥሩና ከነአፈሩ ተነሥቶ ይቀመጥ፤ የሦስተኛው ሣር ሥር እንዲይዝ ጥቂት ቀን ውሃ እየጠጣ ቢቆይ መልካም ነው። ጠርሙሶቹ አፋቸው ወደ ታች ዘንበል እንዲል ይደረግና ከእያንዳንዱ አፍ ሥር ግልጽ ብርጭቆ ይቀመጣል። እኩል መጠን ያለው ውሃ፣ ከእኩል ከፍታ፣ በእኩል ፍጥነት ይፈስስባቸው። «እኩል» የሚለውን ደጋግሜ የጻፍኩት ልጆቹ ውሃ በማፍሰሱ ተመስጠው የሚዘነጉት ይህንኑ ስለሆነ ነው። ከባዶው አፈር የሚወጣው ውሃ ቡናማ ሲሆን ከሣሩ የሚወጣው ቀስ ብሎና የተሻለ ጠርቶ ይወጣል።

ብዙ መምህራን ሙከራውን እዚህ ላይ ያቆሙታል። ትልቁ ትምህርት ግን በማግስቱ ነው። ቡናማው ውሃ ሳይነቃነቅ አድሮ ሲታይ ከታች ደለል ይዘቅጣል፤ ተማሪዎች የደለሉን ውፍረት በማስመሪያ በሚሊ ሜትር ይለኩት። ረግረግ የሚሠራው ሥራ ግማሹ ይኸው ነው፤ ከተራራ በጉልበት የወረደው ውሃ ሜዳ ላይ ሲደርስ በዕፅዋቱ መካከል ፍጥነቱ ይቀንሳል፣ ፍጥነት ያጣ ውሃም የተሸከመውን አፈር ይጥላል። ሌላው ግማሽ በጠርሙስ አይታይምና በቃል መነገር አለበት፤ አየር በሌለው ጭቃ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች በማዳበሪያና በእዳሪ የመጣውን ናይትሬት ወደ ናይትሮጂን ጋዝ ለውጠው ወደ አየር ይለቁታል፤ ፎስፈረስ ደግሞ ከደለሉ ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል ወይም በዕፅዋቱ ይወሰዳል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ረግረግ «የተፈጥሮ ማጣሪያ» ሲባል የሰማ ተማሪ ማንኛውንም ቆሻሻ ቢያፈሱበት ያጠራዋል ብሎ ሊያስብ ይችላል። አያጠራውም፤ አቅም አለው፤ ሲታረስ፣ ሲቃጠል ወይም ሲደርቅ ደግሞ ለዓመታት ያጠራቀመውን መልሶ ሊለቀው ይችላል።

ደንገሉን ቆርጦ ማየት

ሜዳ ላይ ከሚደረጉት ሥራዎች ሁሉ ልጆችን የሚይዛቸው አንድ የደንገል አገዳ ቆርጦ ማሳየት ነው። መምህሩ በስለት አገዳውን በአግድም ይቁረጠው። ቅርጹ ክብ ሳይሆን ሦስት ማዕዘን ነው፤ ከአረንጓዴው ቅርፊት ውስጥ ነጭ፣ ቀላልና እንደ ስፖንጅ የሚለመጥጥ ነገር ሞልቶታል። ቁራጩን በባልዲ ውሃ ውስጥ ጨፍልቀው ሲይዙት ከተቆረጠው ጫፍ አረፋ ይወጣል። ተማሪዎች አረፋው ከየት መጣ ብለው ይከራከሩ፤ መምህሩ ለመመለስ አይቸኩል። መልሱ አየር ነው፤ ተክሉ ሥሩ አየር በሌለው ጭቃ ውስጥ ስለሚኖር ከላይ የሚያገኘውን አየር በእነዚህ ክፍተቶች ወደ ታች ያወርዳል። ታንኳ የሚንሳፈፈውም በዚሁ አየር ነው፤ ውሃ ቀስ በቀስ ክፍተቶቹን ሲሞላቸው ታንኳው ይከብድና በሌላ መተካት ግድ ይሆናል። በአካባቢው ታንኳ የሚሠሩ አዋቂ ካሉ ለግማሽ ሰዓት መጥተው እንዲያስረዱ ቢጋበዙ፣ የትኛው ደንገል ለመቁረጥ እንደደረሰና ዱሮ ከየት ይቆረጥ እንደነበር የሚሰጡት መረጃ በየትኛውም የመማሪያ መጽሐፍ የለም።

ከዚያ ቆጠራ ይከተላል። አራት የአንድ ሜትር እንጨቶች ወይም የተለካ ሲባጎ በካሬ ቅርጽ መሬት ላይ ይጣልና በውስጡ ስንት ዓይነት ተክል እንዳለ ይቆጠራል። ስማቸውን የማያውቁትን «ሰፊ ቅጠል 1»፣ «ቀጭን ቅጠል 2» እያሉ መመዝገብ ይበቃል። ደንገል፣ ፊላና ቄጠማን ግን ለይተው ቢያውቁ ጥሩ ነው። አንድ ካሬ ከብት ካልደረሰበት ቦታ፣ ሌላው ከተጋጠበት፣ ሦስተኛው ከታረሰበት ጠርዝ ይወሰድ።

ስለ ዓሣ ሲነሣ ቀረሶና አምባዛ እንቁላላቸውን የሚጥሉትና ጫጩቶቻቸው የሚያድጉት ጥልቀት በሌለው፣ ዕፅዋት በበዛበት ዳርቻ መሆኑ ይነገር። በጣና ብቻ የሚገኙ ብዙ ዝርያዎች ያሉት፣ የአካባቢው ሰው «ነጭ ዓሣ» የሚለው ወገን ደግሞ አብዛኛው በክረምት ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ሽቅብ ወጥቶ ጠጠር በበዛበት የወንዝ ክፍል እንቁላሉን ይጥላል። አንዱ ዓሣ ረግረጉን፣ ሌላው ወንዙን ይፈልጋል፤ ሁለቱም ገበያ ላይ ጎን ለጎን ይሸጣሉ።

የትንኙ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርምና መሸሽ አይገባም። ረግረግ ትንኝ አለበት። ሆኖም በአገራችን ዋነኛዋ የወባ አስተላላፊ፣ አኖፊለስ አራቢየንሲስ፣ ይበልጥ የምትመርጠው ፀሐይ የሚያገኘውን ትንሽ የታቆረ ውሃ ነው፤ የከብት ኮቴ የሠራው ጉድጓድ፣ ጡብ ለመሥራት አፈር የተነሣበት ቦታ፣ የተዘጋ የመንገድ ዳር ቦይ። ጥላ በበዛበት ደንገል መካከል ደግሞ የትንኝ እጭ የሚበሉ ዓሣዎች፣ እንቁራሪቶችና ነፍሳት አሉ። ተማሪዎች ረዳቱ በጣሳ ከሁለቱም ቦታ የሚቀዳላቸውን ውሃ በነጭ ሳህን ላይ አይተው እጮቹን ቢቆጥሩ፣ ክርክሩን በራሳቸው ቁጥር ይፈቱታል።

የውሃ ውስጥ ትናንሽ እንስሳትን መፈለግ

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ረዥም እጀታ ያለው ወንፊት፣ ነጭ የፕላስቲክ ሳህንና ማንኪያ ነው። ከወንፊት ይልቅ ያረጀ አጎበር መቁረጥ የሚቀናቸው አሉ፤ አይመከርም። አጎበሩ የተነከረበት ፀረ ነፍሳት መድኃኒት ለዓሣና ለውሃ ነፍሳት እጅግ መርዛማ ነው፤ ሊቆጥሩት የመጡትን እንስሳ ይገድላል። ይህን ምክንያት ለልጆቹ መንገር ራሱ ስለ ኬሚካል ብክለት አንድ ትምህርት ነው።

በንጹሕና በሚፈስስ ጅረት ድንጋይ ሥር፣ ጅራታቸው ላይ ሁለት ወይም ሦስት ቀጫጭን ክር የሚመስል ነገር ያላቸው፣ ኦክስጂን በበዛበት ብቻ የሚኖሩ የነፍሳት እጮች ይገኛሉ። ፍሳሽ በበዛበት ውሃ ደግሞ እነዚህ ጠፍተው ቀይ ቀጭን ትል መሰል እጮችና አልቅት ይበዛሉ። ቀዩ እጭ ቀይ የሆነው እንደ እኛ ደም ሄሞግሎቢን ስላለው ነው፤ ጥቂት ኦክስጂን ባለበትም አጥብቆ ይይዛል።

እዚህ ላይ በብዙ መመሪያዎች የሚታይ ስሕተት አለ። ለጅረት የተዘጋጀውን የነፍሳት መለኪያ ወስደው ረግረግ ላይ ይጠቀሙበታል፤ ከዚያም «ክር ያላቸው እጮች የሉም፣ ስለዚህ ረግረጉ ተበክሏል» ብለው ይደመድማሉ። ጤናማ የደንገል ረግረግ ውሃ ግን በተፈጥሮው ኦክስጂኑ አነስተኛ ነው፤ የሚበሰብሰው ቅጠል ይጠቀምበታልና። ስለዚህ ረግረግ ከረግረግ፣ ጅረት ከጅረት ጋር ይነጻጸር። ከሁሉ የተሻለው ንጽጽር አንዱን ጅረት ከከተማው በላይና ከከተማው በታች ማየት ነው። ተማሪው የራሱን መደምደሚያ «ሌላ ምን ምክንያት ሊኖረው ይችላል?» ብሎ እንዲጠይቅ ማስለመድ ከዝርያዎቹ ስም ይበልጣል።

ውሃው ምን ያህል እንደጠራ ለመለካት ደግሞ ነጭ ወረቀት ላይ ጥቁር መስቀል ይሣልና ጠፍጣፋ መቀመጫ ያለው ረዥም ግልጽ ብርጭቆ በላዩ ይቀመጥ። አዋቂው ውሃውን ቀስ እያለ ሲያፈስስ አንድ ተማሪ ከላይ ይመለከታል፤ መስቀሉ የጠፋበት ከፍታ በሴንቲ ሜትር ይመዘገባል። ለእያንዳንዱ ቦታ ሦስት ጊዜ ተለክቶ አማካዩ ይወሰድ።

ብክለትን ማሳየት

ከሜዳ መልስ የመጀመሪያው ጥያቄ «የጠራ ውሃ ንጹሕ ነውን?» የሚል ይሁን። ሁለት ብርጭቆ ንጹሕ የቧንቧ ውሃ ቀርቦ በአንዱ ውስጥ አንድ ማንኪያ ጨው አስቀድሞ ይሟሟ። ተማሪዎች በማየት ብቻ እንዲለዩ ይጠየቁ፤ መቅመስ የተከለከለ ነው። መለየት ሲያቅታቸው ከሁለቱም ጥቂት ጠብታ በብረት ማንኪያ ተደርጎ በሻማ ላይ ይተነን፤ በአንዱ ላይ ተሸሽጎ የነበረው ጨው ነጭ ሆኖ ይወጣል። ናይትሬትም፣ ፀረ ተባይ ኬሚካልም፣ ተቅማጥ የሚያመጣ ጀርምም በጠራ ውሃ ውስጥ እንዲሁ ሳይታዩ ሊኖሩ ይችላሉ። በአንጻሩ በክረምት የሚደፈርስ ወንዝ ሁሉ መርዛማ አይደለም።

ሁለተኛው ሙከራ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ተጣርቶ ሁለት ቀን የቆየ የሐይቅ ውሃ በአራት ጠርሙሶች እኩል ይከፈል። የመጀመሪያው እንዳለ ይተው፤ በሁለተኛው ጥቂት ፍሬ ዩሪያ፣ በሦስተኛው ጥቂት ፍሬ ኤንፒኤስ ማዳበሪያ፣ በአራተኛው ሁለቱም ይጨመሩ። ማዳበሪያው ከበዛ ውሃው ውስጥ ያለውን ሕይወት ስለሚገድል «ጥቂት ፍሬ» ማለት በጣት የሚቆጠር ማለት ነው። ጠርሙሶቹ ሳይከደኑ ብርሃን ባለበት መስኮት ይቀመጡና በየሁለት ቀኑ ቀለማቸው ይመዝገብ። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጂን ሲሆን ፎስፈረስ የለውም፤ ኤንፒኤስ ግን ናይትሮጂን፣ ፎስፈረስና ድኝ አለው። የትኛው ይበልጥ አረንጓዴ እንደሆነ ካዩ በኋላ ለሐይቁ ውሃ የጎደለው የትኛው ንጥረ ነገር እንደነበር ይገምቱ። ውጤቱ ከተጠበቀው ቢለይ አይደበቅ፤ ለምን እንደተለየ መወያየት ይሻላል።

ከአረንጓዴው በኋላ ያለውን ታሪክ መምህሩ ያስረዳል። የበዛው አልጌ ሲሞት ወደ ታች ይዘቅጣል፤ የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች ሲባዙ የውሃውን ኦክስጂን ይጨርሱታል፤ ዓሣው የሚሞተው በመርዝ ሳይሆን ትንፋሽ አጥሮት ነው። ብዙ ተማሪ ማዳበሪያ ዓሣን በቀጥታ እንደሚመርዝ ስለሚያስብ ይህ ሰንሰለት ደረጃ በደረጃ በሰሌዳ ላይ መሣል አለበት።

እምቦጭ በጣና ላይ መታየቱ የተነገረው በ2004 ዓ.ም. አካባቢ በሰሜናዊው የሐይቁ ክፍል፣ በመገጭ መግቢያ በኩል ነው። መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው። ከፍሳሽና ከማሳ በሚመጣ ንጥረ ነገር በበለጸገ ውሃ ላይ ይፈጥናል፤ ስለዚህ አረሙ ከብክለት ተለይቶ የሚማሩት ርዕስ አይደለም። አንዱን ተክል ከፍሎ ማየት ይቻላል፤ ያበጠው የቅጠሉ እጀታ ውስጡ እንደ ደንገሉ አየር የሞላበት ነው፤ ከጎኑም ልጅ ተክሉን የያዘ ቀጭን አገዳ ይታያል። በተመቻቸ ሁኔታ ሁለት ሳምንት በማይሞላ ጊዜ በእጥፍ ሊጨምር ስለሚችል፣ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ከአንድ ተክል ተነሥተው አሥር ጊዜ እጥፍ ሲያደርጉ 1024 ይደርሳሉ። ሐምራዊ አበባው ያማረ በመሆኑ ወደ ቤት ይዞ መሄድ የሚፈልግ ልጅ ይኖራል፤ ይከልከል። ለማሳያ የመጣውም ተክል ሙሉ በሙሉ ደርቆ ይቃጠል እንጂ ቦይ ውስጥ አይጣል።

ሩዝ፣ ባሕር ሸሽና ረግረግ

የፎገራ ሜዳ ዱሮ በክረምት በውሃ የሚጥለቀለቅ ሰፊ የግጦሽ መሬት ነበር፤ የፎገራ ከብት የታወቀውም በዚያ ነው። ዛሬ ሩዝ የአካባቢው ገበሬ ዋና መተዳደሪያ ሆኗል፤ ሐይቁ ሲሸሽ የሚታረሰው ባሕር ሸሽ መሬትም ብዙ ቤተሰብ ይቀልባል። ከክፍሉ ተማሪዎች አንዳንዶቹ የእነዚሁ ገበሬዎች ልጆች ናቸው። መምህሩ «ገበሬው ረግረጉን አጠፋው» ብሎ ከጀመረ አባታቸውን ከፊታቸው እየከሰሰ ነው፤ ልጆቹም ወይ ያፍራሉ ወይ ይዘጋሉ። ከዚህ ይልቅ ውይይቱ በሚና ይካሄድ፤ አንዱ ቡድን ሩዝ አምራች፣ አንዱ ዓሣ አጥማጅ፣ አንዱ ታንኳ ሠሪ፣ አንዱ በሐይቁ ዳር ያለ ሆቴል ባለቤት፣ አንዱ የከተማው ጽዳት ኃላፊ ይሁን። ተማሪው ከገዛ ቤተሰቡ የተለየ ሚና ቢሰጠው ይመረጣል። እያንዳንዱ ቡድን ከሜዳ ሥራው ቢያንስ አንድ ቁጥር እንዲጠቅስ ይገደድ፤ ቁጥር የሌለው ንግግር ነጥብ አያገኝም። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ሲመዘገብም ሰው ሊኖርበትና ሊሠራበት የሚችል፣ የተለያየ የአጠቃቀም ቀጠና ያለው ሥፍራ እንዲሆን ነው፤ ይህ ለውይይቱ ጥሩ መነሻ ይሆናል።

ከጣና ርቀው የሚያስተምሩ መምህራን ምሳሌውን በአካባቢያቸው መተካት አይቸግራቸውም። ሐዋሳ ላይ ጨለለቃና ጥቁር ውሃ አሉ፤ ከሚሴ አካባቢ የጨፋ ረግረግ አለ፤ አዲስ አበባ ላይ የአቃቂ ወንዝና የአባ ሳሙኤል ግድብ ብክለትን ለማስተማር ከበቂ በላይ ናቸው፤ ግን እዚያ ያለው ውሃ በጣም የተበከለ ስለሆነ ከሩቅ ማየት ብቻ ይፈቀድ። ሐረማያ ሐይቅ በአንድ ወቅት መድረቁም በዕድሜ ከገፉ ሰዎች ጋር በሚደረግ ቃለ መጠይቅ ሊጠና ይችላል።

ምዘና

የጽሑፍ ፈተና ሲዘጋጅ «የረግረግ አራት ጥቅሞችን ዘርዝር» የሚለውን ጥያቄ መተው ይመከራል። በምትኩ ያልታወቀ ረግረግ ሠንጠረዥ ይሰጥ፤ የመስቀሉ ከፍታ፣ የተክል ዓይነት ብዛት፣ የእጭ ቁጥር በሁለት ወቅት ይጻፍና ምን እንደተለወጠ፣ ምክንያቱ ምን ሊሆን እንደሚችል፣ እርግጠኛ ለመሆን ሌላ ምን መለካት እንዳለበት ይጠየቅ። የመጨረሻው ክፍል ከፍተኛውን ነጥብ ይያዝ።

የሜዳው መዝገብ አንድ ወፍራም ደብተር ሆኖ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ዝናብ ስለመኖሩ፣ የተለካበት ቦታ ከአንድ የማይንቀሳቀስ ምልክት፣ ለምሳሌ ከትልቅ ዛፍ ወይም ከድልድይ፣ ያለው ርቀት በእርምጃ፣ የመሣሪያው ዓይነትና የለኪው ቡድን ይጻፍ። በሚቀጥለው ዓመት 7ኛ ክፍል የሚገቡ ተማሪዎች ጥቅምት ላይ ከመውጣታቸው በፊት ይህን ደብተር አንብበው፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ብርጭቆና በዚያው መስቀል ይለኩ።